«የአገሩ ሰው የለም?»

የምሠራበት ኤኖቴካ፣ ማለትም ወይን ቤት፣ ባለቤት ለወሬ እንጂ ለጽሑፍ አልተፈጠረም። ከጎናችን ያለው ሆቴል «የሮም ሰው ሮም ውስጥ የት እንደሚጠጣ ለእንግዶቻችን የምታሳይ ትንሽ መጽሐፍ አዘጋጅልን» ሲለው እሺ ብሎ ተቀበለና ሥራውን ወደ እኔ ወረወረው። «አንተ እኮ የማታውቀው ባንኮኒ የለም» አለኝ። እውነቱን ነው። ከሥራ ስወጣ ሌላ ሰው የሚቀዳበት ቤት ገብቼ አንድ ብርጭቆ ካልጠጣሁ እንቅልፍ አይወስደኝም። የሙያ በሽታ ነው።

ከሰዓት በኋላ ቤቱ ጭር ሲል፣ ብርጭቆ እየወለወልኩ በጣልያንኛ ጻፍኩት። የባለቤቱ ልጅ ወደ እንግሊዝኛ መለሰችው። ብዙም ሳይቆይ ታትሞ መጣ። ወረቀቱ ያምራል። ሽፋኑ ላይ የባለቤቱ ሚስት ወንድም ፎቶ አለ። ጢሙ የተንዠረገገ፣ ቀይ ወይን የያዘ፣ መልከ መልካም ሰው። ከሥሩ «አንድ ሮማዊ ይመራችኋል» ይላል። ሰውየው የሚኖረው ሚላኖ ነው። ወይን አይወድም፤ የቢራ ሰው ነው።

«የእኔስ ስም?» አልኩት ባለቤቱን።

«አንተን ብናወጣህ እኮ ሰው ግራ ይጋባል» አለኝ። «ቱሪስት የሚፈልገው የአገሬውን ሰው ነው።»

በክፋት አልነበረም። ክፋት ቢሆን ይቀለኝ ነበር። ከመደርደሪያው አንድ ጠርሙስ ቼዛኔዜ፣ የአካባቢውን ቀይ ወይን፣ አውርዶ ሰጠኝ። የደራሲነት ክፍያዬ እሷ ናት።

ጽሑፉ ግን ጥሩ ነበር፤ ራሴን ላሞግስና። የጀመርኩት ከሰዓት ነው። ሮም ውስጥ በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል በፊት ወይን ቤት የሚቀመጥ ቱሪስት ብቻ ነው። ሮማዊ ራቱን የሚበላው ከ2 ሰዓት ተኩል በኋላ ነው። በመሃል ያለችው ሰዓት ናት የወይን ቤት ሰዓት። ሰው አንድ ብርጭቆ ይዞ ቆሞ ያወራባታል እንጂ አይሰክርባትም።

ከዚያ ወደ ቤቶቹ ገባሁ። ትሪማኒን አስቀደምኩ። በፈረንጆች አቆጣጠር ከ1821 ጀምሮ ወይን የሚሸጥ ቤተሰብ ነው። ቪያ ጎይቶ ላይ ነው፤ ከተርሚኒ ባቡር ጣቢያ በእግር ይደረሳል። የሐበሻ ምግብ ቤቶችም እዚያው ተርሚኒ ዙሪያ ናቸው። ስንቱ ወገኔ ሻንጣውን እየጎተተ በደጁ አልፏል፤ ቀና ብሎ ያየው ግን ጥቂት ነው። ጉደርና አክሱማይት ይዘን ያደግን ሰዎች ስለሆንን አልፈርድም።

ቀጥሎ ኩል ደ ሳክን ጻፍኩ። ፒያሳ ፓስኩዊኖ ላይ ነው፤ ከ1977 ጀምሮ አለ። ቤቱ ጠባብና ረጅም ነው። ጠርሙሶቹ ከራስ በላይ እስከ ጣሪያ ተደርድረዋል። የወይን ዝርዝሩን አንብቦ ለመጨረስ ሌላ ወይን ያስፈልጋል። አደባባዩ ላይ ፊቱ የተፋቀ የድሮ ሐውልት ቆሟል። ሮማውያን ከ1500ዎቹ ጀምሮ ጳጳሳቱንና ሹማምንቱን የሚያብጠለጥል ግጥም እየጻፉ ይለጥፉበታል። ስም የለም፣ ፊርማ የለም። ዛሬም አጠገቡ ይለጠፋል። ይህን ስጽፍ ነገሩ ወደ እኔም እንደሚመጣ አላሰብኩም።

ቴስታቾ የሚባለውን ሰፈርም አልተውኩም። እዚያ 35 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው ኮረብታ አለ፤ ግን አፈር አይደለም። የጥንት ሮማውያን ከስፔንና ከሰሜን አፍሪካ ዘይት ያስመጡበት የነበረው እንስራ ስብርባሪ ነው። ዘይቱን እየገለበጡ፣ ባዶውን እየሰበሩ ከመሩት። በስባሪው መሃል አየር ስለሚዘዋወር ውስጡ ቀዝቃዛ ነው። በኋላ የመጡ ሰዎች ሥር ሥሩን እየፈለፈሉ የወይን ማስቀመጫ አደረጉት። ዛሬ በዙሪያው ካሉት ምግብ ቤቶች በአንዳንዶቹ ስባሪውን በመስታወት በኩል እያዩ ይበላሉ።

አንድ አንቀጽ ስለ መለኪያ ነበረችኝ። የድሮ መጠጥ ቤቶች ወይኑን በማያሳይ ማሰሮ እየለኩ ጠጪውን ሲያጭበረብሩ፣ በ1588 ጳጳስ ሲክስተስ 5ኛ «በመስታወት ለኩ» ብለው አዘዙ። ግማሽ ሊትሯ «ፎዬታ» ትባላለች። ባለቤቱ ይቺን አንቀጽ ቆርጦ ጣላት። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኩትም። የእኛ ቤት ብርጭቆ ላይ የልክ መስመር የለም።

ስለ ወይኑ ደግሞ እንዲህ ብዬ ነበር፦ «ሮም ቁጭ ብላችሁ ኪያንቲ አትዘዙ። ኪያንቲ የቶስካና ነው። የእኛን ጠጡ።» ከዚያ የእኛን ዘረዘርኩ። ከካስቴሊ ኮረብታዎች የሚመጣውን ነጩን ፍራስካቲ ጻፍኩ፤ እሱን ገና ልጅ ሳለ መጠጣት ነው። ከፒልዮ ደግሞ ቀዩን ቼዛኔዜ፤ ጣልያኖች ለወይን የሚሰጡትን ከፍተኛ ማዕረግ በፈረንጆች 2008 ያገኘውን።

እንግዲህ በአንድ ረቡዕ ማታ ባልና ሚስት መጡ። አነጋገራቸው የአሜሪካ ነው። ጨዋ ሰዎች ናቸው፤ ሲቀመጡ ወንበሩን እንኳ አንስተው ነው እንጂ አልጎተቱትም። ፖርኬታ አዘዙ፤ በቅመም የተጠበሰ የአሳማ ሥጋ ነው። መጽሐፏ በሴትየዋ እጅ ናት። ጠርዟ ታጣጥፏል፣ በእስክሪብቶ ተሰምሮባታል። ለጸሐፊ ከዚህ በላይ ምን ደስታ አለ?

«ከፖርኬታ ጋር ቼዛኔዜ ላምጣላችሁ?» አልኳቸው።

«የየት ነው?» አለች።

«የዚሁ የላዚዮ፣ የሮም ክልል ነው። ፒልዮ ከዚህ በመኪና አንድ ሰዓት ያህል ቢሆን ነው።»

መጽሐፏን ገለጠች። የትኛው ገጽ እንደሆነ ሳላይ አወቅኩት። ጣቷን መስመሩ ላይ አድርጋ፣ ቀስ እያለች አነበበችልኝ። «ሮም ቁጭ ብላችሁ ኪያንቲ አትዘዙ። የእኛን ጠጡ።»

«ልክ ነው» አልኳት።

«እና አንተ የምትለው… ስሙን ያዝኩት እንጂ መጥራት አልቻልኩም… የእነሱ ነው?»

«አዎ። ቀጣዩ ገጽ ላይ አለ።»

ገለጠች። አለ። ባሏን አየችው። ባሏ ጣሪያውን አየ።

«አይከፋህና» አለች በጣም በትሕትና፣ «የአገሩ ሰው የለም? ይሄ ሰውዬ የሚለውን የሚያውቅ?» ጢማሙን ሽፋኑ ላይ በጥፍሯ መታ መታ አደረገችው።

ብዙ መልስ ነበረኝ። ልጄ እዚሁ ተወልዶ የሮማ ማልያ ለብሶ ነው የሚተኛው። የሰፈሬ ዳቦ ጋጋሪ ዱቤ ይሰጠኛል፤ ለሚላኖው ጢማም ግን አይሰጠውም። ያነበብሽልኝን ዓረፍተ ነገር እዚያ ጥግ ቆሜ፣ ያቺን የተሰነጠቀች ብርጭቆ እየወለወልኩ ነው የጻፍኩት ልላት እችል ነበር። ግን ሳቅ አነቀኝ። ሴትየዋ እኮ አጥብቃ አምናኛለች። እኔኑ በእኔ ቃል እስክትሞግተኝ ድረስ አምናኛለች። እንዲህ ያለ አንባቢ ያገኘ ደራሲ ስንት ነው?

ዘወር ብዬ ቤቱን ቃኘሁ። ባለቤቱ ማሪኖ ሄዷል። በወይን በዓሏ ከአደባባዩ ምንጭ ወይን የምታፈሰዋ ማሪኖ። ኩሽና እትዬ አሉ፣ የደሴ ሰው ናቸው። ዕቃ የሚያጥበው ልጅ ከባንግላዴሽ ነው። የቀረው አንድ ተማሪ ነው። ከካላብሪያ መጥቶ ሮም የገባው ገና መስከረም ላይ ነው፤ ከኮካ በቀር ምንም አይጠጣም። ቤቱ ውስጥ አንድም ሮማዊ የለም። በመልኩ ለፎቶው የሚቀርበው ግን እሱ ነው።

«አለ። አሁን እልከዋለሁ» አልኳት።

ልጁን ኩሽና በር ላይ ያዝኩት። «ሂድና ቼዛኔዜ ንገራቸው።»

«ምን ብዬ?»

«ፖርኬታው ስብ አለው፤ ይሄ ወይን ስቡን ይቆርጠዋል በል። ጥቁር በርበሬ ይሸታል በል። አያቴ እሑድ እሑድ ከሱ ሌላ አያስቀርቡም ነበር በል።»

«አያቴ እኮ ካላብሪያ ናቸው።»

«ማን ጠየቀህ?»

ሄደ። እኔ ሦስት እርምጃ ርቄ ብርጭቆ ያዝኩ። ልጁ አንዲት ቃል ሳያጎድል አነበነበላቸው። የእጁን ውዝዋዜ ከራሱ ጨመረበት። ስለ አያቱ ሲናገር ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ እሱን አላዘዝኩትም። ሴትየዋ መጽሐፏ ላይ ምልክት አደረገች። «ተስማማ!» አለችው ለባሏ። «ሁለቱም አንድ ዓይነት ነው የሚሉት!»

ጠርሙሱን ሲከፍት ግን ነገር ተበላሸ። የእኛ ቡሽ መንቀያ ሁለት ጥርስ ነው ያለው። መጀመሪያ በላይኛው ትይዛለህ፣ ቡሹ ግማሽ ሲወጣ ወደ ታችኛው ትሸጋገራለህ። ልጁ በአንዴ ሳበው። ቡሹ ቀጭ አለ። ግማሹ በእጁ፣ ግማሹ ጠርሙሱ አንገት ውስጥ። ፊቱ ቲማቲም መሰለ። ሄጄ ተቀበልኩት። ብረቱን ጋደል አድርጌ፣ ቡሹን ወደ ታች እንዳልገፋው እየተጠነቀቅኩ ጠመዘዝኩና ስባሪውን በሰላም አወጣሁት። ባልየው የተሰበረችውን ቡሽ አንስቶ ዓይኑን ጨፍኖ አሸተተ። ማሽተት ያለበት ብርጭቆውን ነው። እሱንም ጽፌዋለሁ፤ ገና አልደረሱበትም።

«አመሰግናለሁ» አለችኝ ሴትየዋ። ወደ ልጁ ዞረችና «ከአገሩ ሰው ሲሰሙት ይለያል» አለችው።

ኩሽና ስገባ እትዬ ፖርኬታ እየቆረጡ ነው። በኩሽናው መስኮት በኩል አይተውናል።

«ምንድን ነው ያሉህ?»

«የአገሩ ሰው አምጣ አሉኝ፣ እትዬ።»

ቢላቸውን አላቆሙም። ስጋው ወረቀት እስኪሆን ያሳሱታል፤ ቆዳው ላይ ሲደርሱ ብቻ ጫን ይላሉ። «እኔ ይሄን አሳማ ስቆርጥ አረጀሁ» አሉ። «አንድ ቀን በአፌ ዞሮ አያውቅም። እንደ እኔ የሚያሳሳ የአገር ሰው ካላቸው ያምጡና ልየው፣ የኔ ልጅ።»

ሲወጡ ጠረጴዛው ላይ 10 ዩሮ ጥለው ሄዱ። «ለልጁ» ብለው። ልጁ አሥሩንም ይዞልኝ መጣ። አምስቱን ወሰድኩ። ይቅርብኝ ማለት ያምር ነበር፤ ግን የቤት ኪራይ በኩራት አይከፈልም።

ከዚያ ወዲህ ለሚጠይቀኝ ሁሉ ምክሬ አንድ ነበር። ስምህ የማይወጣበት ነገር ላይ ብዕር እንዳታነሳ። በቁጣ ነበር የምናገረው። ችግሩ፣ እየተናገርኩ ሳለሁ የማደርገው ሌላ ነው። አሁን እንግዳ ሲያመነታብኝ አልከራከርም። «እስቲ ሰውየው ምን ይላል?» እልና መጽሐፏን ከባንኮኒው አንስቼ እገልጥለታለሁ። በጣቴ አሳየዋለሁ። «እሱ ካለ አለ ነው፤ አይሳሳትም» እላለሁ። ማንም ነገር አያነሳብኝም። አፌን ከፍቼ የማልሸጠውን ጠርሙስ ጢሙ ይሸጥልኛል። በራሴ አፍ እንዲህ ራሴን ባሞግስ ደግሞ እብድ እባላለሁ።

ሆቴሉ ዘንድሮ መጽሐፏ ታድሳ እንድትታተም ፈልጓል። ባለቤቱ እንደ ልማዱ ወደ እኔ መጣ። በዚህ ጊዜ ገንዘቡን አስቀድም አልኩት።

«ለሁለት ገጽ ማሻሻያ?»

«ጢም ስለሌለኝ ነው» አልኩት።

ከፈለ። የረቡዑን ወሬ አንድ ሰው ነግሮት መሰለኝ፣ ትንሽ ቆይቶ ተመልሶ መጣ። «ከፈለግክ ስምህን ከኋላ እናስገባዋለን፣ በትንሽ ፊደል» አለኝ። አሰብኩበት። መጽሐፏ ውስጥ ሆን ብዬ የዘለልኳት አንዲት ቤት አለች። ሰኞ፣ የእረፍት ቀኔ ላይ የምጠጣባት። ጢማሙ ሚላኖ ሆኖ የሚያስጨንቀው የለም። እኔን ግን ቱሪስት ካወቀኝ እዚያም ቁጭ ብዬ ልመክር ነው።

«ስሜን ተወው» አልኩት። «በሱ ፈንታ የ1588ቱን አንቀጽ መልስልኝ።»

ወረቀቱን ተቀብሎ እንደገና አነበበው። ባንኮኒው ላይ የተደረደሩትን ብርጭቆዎች አየ።

«ስምህን ነው የማስገባው» አለኝ።

እስካሁን አልተስማማንም።