በነሐሴ ተወልደው በነሐሴ ያረፉ መምህር

ውድ ወዳጆቼ፣ እንኳን ለአዲሱ ዓመት በሰላም አደረሳችሁ። ክረምቱን በሕመም ወይም በሐዘን ላሳለፋችሁ፣ ከአገር ርቃችሁም እንቁጣጣሽን በሥራ ቀን መካከል በስልክ ብቻ ለምታከብሩ ሁሉ ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። በየዓመቱ በዚህ ሰሞን ስለ አንድ መምህር ጥቂት መጻፍ ልማድ አድርጌአለሁ፤ መስከረም ሲባል ከአደይ አበባው በፊት የሚታወሰኝ የአዲስ ደብተር ሽታ ስለሆነ ነው።

የዘንድሮው መምህሬ ግን አስተምረውኝ የማያውቁ፣ በአካልም ያላየኋቸው ሰው ናቸው። ዶክተር ዊሊያም ፎስተር ይባላሉ። በአሜሪካ የፍሎሪዳ ግዛት ዋና ከተማ በሆነችው በታላሃሲ፣ ለጥቁር አሜሪካውያን በተቋቋመው በፍሎሪዳ ኤ ኤንድ ኤም ዩኒቨርሲቲ፣ የማርሽ ባንዱን (በሜዳና በጎዳና እየተሰለፈ የሚጫወተውን የሙዚቃ ቡድን) ከ1946 እስከ 1998 ድረስ ለ52 ዓመታት መርተዋል። (ዓመቶቹን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጽፌአቸዋለሁ።) የተወለዱት ኦገስት 25 ቀን 1919፣ ያረፉትም ኦገስት 28 ቀን 2010 ሲሆን፣ ወደ እኛ ሲመለስ ልደታቸው ነሐሴ 19፣ ዕረፍታቸው ደግሞ ነሐሴ 22 ይሆናል። 91 ዓመት ከሦስት ቀን ኖሩ። እኛ ዓመቱን ልንሸኝ በምንሰናዳበት ሰሞን መጥተው በዚያው ሰሞን የሄዱ በመሆናቸው፣ ጳጉሜን በገባ ቁጥር ያለ ምንም ዝምድና ትዝ ይሉኛል።

ፎስተር ያደጉት በካንሳስ ሲቲ፣ ካንሳስ ነው። ክላርኔት የጀመሩት በ12 ዓመታቸው ሲሆን፣ ሁለተኛ ደረጃን የተማሩት በከተማዋ ለጥቁር ልጆች ተለይቶ በተሠራው በሰምነር ትምህርት ቤት ነው። ከዚያ ወደ ካንሳስ ዩኒቨርሲቲ ገብተው በ1941 በሙዚቃ ትምህርት ተመረቁ። በዚያ የተማሪነት ዘመን የሆነውን አንድ ነገር በኋላ ደጋግመው ይናገሩት ነበር፤ የትምህርት ክፍሉ ዲን አስጠርተው፣ ለጥቁር የባንድ መሪ የሚሆን ሥራ ስለሌለ ሐሳቡን ቢተዉት እንደሚሻላቸው መከሯቸው።

ይህን ታሪክ የሚተርኩ ሰዎች ብዙውን ጊዜ ዲኑን ክፉ ሰው አድርገው ያቀርቡታል። እኔ ግን ከስድብ የከፋ ሆኖ የሚታየኝ ነገሩ ምክር መሆኑ ነው። የሚሳደብን ሰው ተቆጥቶ ማለፍ ይቻላል፤ በመልካም ፊት፣ የአገሩን ሁኔታ ተመልክቶ፣ ለአንተ ብዬ ነው እያለ በሩን የሚዘጋን አማካሪ ግን ምን ብለው ይመልሱለታል? ደግሞም ሰውየው ከእውነቱ ብዙ አልራቀም። በ1941 በአሜሪካ አንድ የነጮች ዩኒቨርሲቲ ባንዱን ለጥቁር መሪ ያስረክባል ብሎ የሚያስብ አልነበረም። ፎስተርም ክርክር አልገጠሙም፤ ከማንኛውም የነጮች ባንድ የማያንስ፣ ከተቻለም የሚበልጥ የጥቁሮች ባንድ እንደሚያቋቁሙ ለራሳቸው ቃል ገቡና ወጡ።

ቃሉ ወዲያው አልተፈጸመም። በሚዙሪ ስፕሪንግፊልድ በአንድ የጥቁሮች ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተማሩ፣ ጆርጂያ ውስጥ ፎርት ቫሊ ኮሌጅ ሠሩ፣ ከዚያም በአላባማ ወደሚገኘው ወደ ታስኪጊ የትምህርት ተቋም ተሻገሩ። በ1946 ታላሃሲ ሲደርሱ የተረከቡት ባንድ 16 ተጫዋቾች ብቻ ነበሩት። አሥራ ስድስት ሰው በአንድ ሙሉ የእግር ኳስ ሜዳ ላይ ሲበተን ምን እንደሚመስል አስቡት፤ ከሩቅ ለሚያይ ሰው ባንድ ሳይሆን ዕቃ ጠፍቶባቸው የሚፈልጉ ሰዎች ነው የሚመስሉት። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት አብቅቶ ወጣቶች ወደየኮሌጁ የሚመለሱበት ጊዜ ስለነበር ቁጥሩ በፍጥነት አደገ፤ መቶ ሲሞላም «ማርቺንግ ሃንድረድ» ተባለ፣ መቶዎቹ ሰልፈኞች እንደማለት ነው። በኋላ ቁጥራቸው ከ300 ሲያልፍም ስሙን የሚነካው አልተገኘም፤ ዛሬም መቶ ነው የሚባሉት።

በዚያው መሐል እሳቸውም ተማሪ ነበሩ። የደቡቡ ግዛቶች የነጮች ዩኒቨርሲቲዎች ለጥቁር ተማሪ ዝግ በነበሩበት ዘመን፣ ማስትሬታቸውን በ1950 ከዲትሮይቱ ዌይን ዩኒቨርሲቲ፣ ዶክትሬታቸውን ደግሞ በ1955 ከኒውዮርኩ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ያገኙት ወደ ሰሜን እየተመላለሱ ነው።

አሁን ወደ ሥራቸው ልግባ፤ ከሁሉ የሚማርከኝ ይህ ክፍል ነውና ትንሽ ታገሡኝ። እነዚህ ባንዶች የሚሰለፉበት የአሜሪካ እግር ኳስ ሜዳ (እነሱ «ፉትቦል» የሚሉት፣ በእጅም የሚጫወቱት ነው) በየአምስት ያርዱ በነጭ መስመር የተሰመረ ነው፤ ሰልፈኛው ከአንዱ መስመር እስከ ቀጣዩ፣ ማለትም አራት ሜትር ተኩል ያህል፣ በስምንት እኩል እርምጃ መድረስ አለበት። እርምጃው ካጠረ ወይም ከረዘመ በሦስት መቶ ሰው የተሠራው ቅርጽ ከላይ ሆኖ ለሚያየው ተመልካች ወዲያው ይጣመማል። የቀድሞዎቹ ባንዶች ይህን በወታደራዊ ልክ ይሠሩት ነበር፤ ፎስተር ግን ልኩን ራሱን ለመጫወቻ አደረጉት። ተጫዋቾቻቸው በደቂቃ 240፣ አንዳንዴም 300 እርምጃ ይራመዱ ነበር፤ በሰከንድ አምስት ጊዜ እግር ማንሳት ማለት ነው፤ ያውም ጉልበትን እስከ ወገብ እያነሱና መሣሪያ ይዘው። ከዚያ ደግሞ ወደ 20 እርምጃ ያወርዱታል። በሦስት ሰከንድ አንድ እርምጃ! መሮጥ የሚያስቸግር ይመስለናል እንጂ፣ የሞከረ ሰው እንደሚያውቀው የሚያንገዳግደው ዝግታው ነው፤ በአንድ እግር ላይ ቆሞ፣ ትንፋሽን ለትሮምቦኑ እየሰጡ፣ ሌላውን እግር ሦስት ሰከንድ ሙሉ በአየር ላይ ማቆየት። በዚህ ላይ የጊዜውን ዳንስ ጨመሩበት፤ የሰልፉንም የመድረኩንም ዜማ ሁሉ ተጫዋቹ በቃሉ እንዲያጠና ደነገጉ።

በቃል ማጥናቱ ላይ ልቆይ። የማርሽ ተጫዋች በመሣሪያው ላይ ትንሽ የኖታ ማስቀመጫ ማሰር ይችላል፤ ብዙዎችም እንደዚያ ያደርጋሉ። ኖታ የሚያነብ ሰው ግን ዓይኑ ታስሯል፤ ዓይኑ የታሰረ ሰው ደግሞ ጎረቤቱን አያይም፣ አንገቱንም አያዞርም። ፎስተር ወረቀቱን ያስቀሩት ሰውነቱ ነፃ እንዲወጣ ነው። ለእኛ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ነገ ሌሊት፣ ለቅዱስ ዮሐንስ ማሕሌት ቤተ ክርስቲያን የምታድሩ ሁሉ በዓይናችሁ ታዩታላችሁ። ዜማ ቤት ብዙ ዓመት የቆዩት ሊቃውንት በቃላቸው የያዙትን ዜማ መቋሚያና ጸናጽል ይዘው ይወርቡታል፤ በመረግድ በዝግታ ይጀመርና ከበሮው እየጠበቀ ሄዶ ጽፋት ላይ ይደርሳል። የታላሃሲው ሰውዬ ከእኛ ተማሩ ማለቴ አይደለም። በአንድ ሰው ሆድ ውስጥ በሚገባ ያልተቀመጠ ዜማ እግሩ ላይ እንደማይወርድ ሁለት ሕዝቦች በየራሳቸው መንገድ ደርሰውበታል ለማለት ብቻ ነው።

ክላርኔት ያስተማሩኝ ጋሼም (በወጣትነታቸው በጦር ሠራዊቱ ባንድ ውስጥ ያገለገሉ፣ ስማቸው እንዲጠቀስ የማይፈልጉ ሰው ናቸው) ይህንኑ ያደርጉ ነበር። አንድ ዜማ በተጀመረ በሦስተኛው ሳምንት፣ አንዲት ቃል ሳይናገሩ፣ ተነሥተው የኖታውን ማስቀመጫ ወደ ግድግዳ ያዞሩታል። ያኔ በጣም እጠላቸው ነበር።

የፎስተር ተማሪዎች ይህን ሁሉ የሚለማመዱት በምን ዓይነት ከተማ እንደነበረ መዘንጋት የለበትም። በግንቦት 1956 ሁለት የዚሁ ዩኒቨርሲቲ ሴት ተማሪዎች በታላሃሲ አውቶቡስ ውስጥ ለነጮች በተለየው ስፍራ ተቀምጠው አንነሣም በማለታቸው ታሰሩ፤ ተማሪዎችና የከተማዋ ጥቁሮችም አውቶቡሱን ለወራት አንሳፈርም ብለው በእግራቸው ሄዱ። ቅዳሜ ቅዳሜ በሜዳው ላይ በሰከንድ አምስት እርምጃ የሚራመዱት ወጣቶች፣ ሰኞ ዕለት በከተማዋ አውቶቡስ የት እንደሚቀመጡ በሕግ የሚነገራቸው ነበሩ። ከዚያ በኋላ 13 ዓመት ሳይሞላ፣ በጥር 1969 ሚያሚ ላይ በተደረገው ሦስተኛው ሱፐር ቦውል (የአሜሪካ እግር ኳስ የዓመቱ የዋንጫ ጨዋታ)፣ በእረፍት ሰዓት ሜዳውን የያዘው የፎስተር ባንድ ነበር።

ክብሩ ከዚያ በኋላ ተከታትሎ መጣ። በ1985 ለአሜሪካ የዩኒቨርሲቲ ማርሽ ባንዶች የሚሰጠውን ትልቁን ሽልማት፣ የሰድለርን ዋንጫ፣ ከታሪካዊዎቹ የጥቁሮች ዩኒቨርሲቲዎች በመጀመሪያ የወሰዱት እነሱ ናቸው። የአሜሪካ የባንድ መሪዎች ማኅበርም ፎስተርን የመጀመሪያው ጥቁር ፕሬዚዳንቱ አድርጎ መርጧቸዋል። ሐምሌ 14 ቀን 1989 የፈረንሳይ አብዮት 200ኛ ዓመት ሲከበር፣ አሜሪካን እንዲወክል የተመረጠው ማርቺንግ ሃንድረድ በሻንዜሊዜ ጎዳና ላይ ተሰለፈ። ፎስተር ሰባ ዓመት ሊሞላቸው የቀረው አንድ ወር ከጥቂት ቀን ነበር። ለጥቁር መሪ ሥራ የለም ከተባሉ 48 ዓመት ያህል አልፏል፤ ዲኑ በሕይወት ኖረው ይህን አይተው እንደሆነ ብዬ አንዳንዴ አስባለሁ።

እኔን ግን ከፓሪስ ይልቅ የሚያስደንቀኝ ሌላ ነው። ከ52 ዓመታት ተማሪዎቻቸው ብዙዎቹ ራሳቸው በፍሎሪዳ፣ በጆርጂያና በሌሎችም ግዛቶች ትምህርት ቤቶች የባንድ መምህራን ሆነዋል። የሌለውን ሥራ ለራሳቸው ብቻ አልፈጠሩም።

በበዓል ቀን ደስ የማይል ነገር ማንሣት ነውር ይመስላል፤ ነገር ግን ይህን ካልጻፍሁ የተቀረው ውዳሴ ብቻ ይሆናል። በኅዳር 2011፣ ፎስተር ባረፉ በ15ኛው ወር ገደማ፣ ባንዱን በትር ይዞ ከፊት ከሚመሩት ተማሪዎች አንዱ ኦርላንዶ ውስጥ ከጨዋታ በኋላ በቆመ አውቶቡስ ውስጥ በገዛ ጓደኞቹ ተደብድቦ ሞተ። ነገሩ ጠብ አልነበረም፤ ነባሮች አዲስ ገቢውን «ለመቀበል» የሚያደርጉት የማሠቃየት ልማድ ነው፤ ከዚያም በፊት ይታወቅ ነበር። ባንዱ ታግዶ እስከ 2013 ድረስ አልተሰለፈም። የፎስተርን ታሪክ የሚጽፉ አንዳንድ ሰዎች ይህ የሆነው ከእሳቸው በኋላ ነው ብለው ያልፉታል። ዓመቱን ብቻ ካየን ልክ ናቸው። ይሁን እንጂ እርምጃን በሰከንድ የሚለካ ሥርዓት፣ ታናሽ ለታላቅ ሙሉ በሙሉ የሚታዘዝበት ቤት፣ መሪው ፊቱን ባዞረበት ሰዓት ምን ሊወልድ እንደሚችል መጠየቅ ነበረበት። ጋሼም በዘንግ ጣቶቻችንን ይመቱን ነበር፤ እኛም የመምህር ዘንግ ምርቃት ነው እየተባልን አደግን። ዛሬ ልጆች ሳስተምር ዘንግ አልይዝም፤ ያለ ዘንግም ዜማው ይያዛል፣ አንድ ሳምንት ያህል ይዘገያል እንጂ።

ስለ ታላሃሲ ካነሣሁ አይቀር፣ አንድ የእኛ ሰው በዚያች ከተማ እንደነበሩ ላስታውስ። የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የመጀመሪያው ዳይሬክተር የነበሩት ዶክተር አሸናፊ ከበደ ከአገር ከወጡ በኋላ ያስተማሩት በፍሎሪዳ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ነው፤ እስከ 1962 ድረስ ጥቁር ተማሪ የማይቀበል የነበረው፣ ከፎስተር ዩኒቨርሲቲ ብዙም የማይርቀው ተቋም። ዶክተር አሸናፊ ያረፉት በ1998፣ ፎስተር በትራቸውን ባስቀመጡበት ዓመት ነው። በአንዲት አነስተኛ የደቡብ ከተማ፣ ለብዙ ዓመታት፣ አንዱ ለጥቁር መሪ ሥራ በሌለበት አገር ባንድ ያቋቋመ፣ ሌላው በአገሩ የሙዚቃ ትምህርት ቤት መርቶ ተሰዶ የመጣ፣ ሁለት መምህራን ሜዳውንና መማሪያ ክፍሉን ይዘው ኖረዋል።

ወዳጆቼ፣ ደብዳቤዬ ረዘመ፤ ዶሮውም ሽንኩርቱም እየጠበቀኝ ነው። በአዲሱ ዓመት ልጆቻችሁን ለምትመዘግቡ፣ በየትምህርት ቤቱ ኖታ ለምታስጠኑ፣ በሰንበት ትምህርት ቤት ከበሮ ለምታስተምሩ፣ በውጭ አገር ሆናችሁ የልጆቻችሁን የትምህርት ቤት ባንድ በየሜዳው ዳር ቆማችሁ ለምታዩ ሁሉ ጤናና ዕድሜ ይስጥልኝ። እኔ በበዓሉ ማግስት እንደ ወትሮው ድፎ ዳቦ ይዤ ጋሼ ዘንድ እሄዳለሁ። እጃቸው መንቀጥቀጥ ስለጀመረ ክላርኔቱን ከነኩት ሁለት ዓመት አልፏል፤ ቢሆንም ልክ እንደገባሁ ምን እያጠናሁ እንደሆነ መጠየቃቸውን አልተዉም። የኖታ ማስቀመጫው ከወንበራቸው አጠገብ አለ፤ ፊቱን ወደ ግድግዳ እንዳዞረ።

መልካም እንቁጣጣሽ።