የቲፒኤስ ማራዘሚያ መለመኑ ይብቃን፤ የላይቤሪያውያንን ሕግ እንጠይቅ

«ልጁ ወረቀት አገኘ ወይ?» ለሚለው የደብረ ማርቆስና የዳንግላ ወላጆች ጥያቄ ብዙ ጊዜ ከአሜሪካ የሚመጣው መልስ «ቲፒኤስ አለው» የሚል ነበር። ቲፒኤስ (አሜሪካ ለተወሰኑ አገሮች ዜጎች የምትሰጠው ጊዜያዊ ጥበቃ) ግን የውሰት ጃንጥላ ነው፤ ባለቤቱ ዝናብ መሀል ይወስደዋል። በ1990 የወጣው ሕግ (ሌላ ካላልኩ ቀኖቹ በፈረንጅ ናቸው) አገራቸው በጦርነት ወይም በአደጋ ላይ ያለችን ሰዎች በአንድ ጊዜ ከ6 እስከ 18 ወር ከመባረር የማቆየት ሥልጣን ለአንድ ሚኒስትር ሰጠ። ኢትዮጵያ በዲሴምበር 12 ቀን 2022 ገባች፤ በ2024 ታድሶላት እስከ ዲሴምበር 12 ቀን 2025 ደረሰች፤ በዚያው ወር የአሜሪካ የአገር ውስጥ ደኅንነት ሚኒስቴር ጥበቃውን አቋርጣለሁ ብሎ አስታወቀ። እንዲህ ያለውን ውሳኔ ፍርድ ቤት ሊያግደው ወይም ሊለቀው ስለሚችል፣ የዕለቱን ሁኔታ ከጠበቃ እንጂ ከቲክቶክ አትስሙ።

በአሜሪካ ያሉት የማኅበሮቻችን ጥያቄ እስካሁን «ይራዘምልን» ነው። ለጊዜው ልክ ነው፣ ግን ሩቅ አያደርስም። ቲፒኤስ አሥር ዓመት ቢታደስም በራሱ ወደ ግሪን ካርድ አይወስድም፤ ሲቋረጥ ሰውየው ቀድሞ ወደነበረበት ሁኔታ ይመለሳል።

ላይቤሪያውያን ይህን ከኛ በፊት አይተውታል። ቲፒኤስ ያገኙት በ1991 ነው። ከዚያ በኋላ 28 ዓመት ሙሉ ጥበቃቸው ስሙን እየለወጠ ሲታደስና «አበቃ» ሲባል ኖረ። በመጨረሻ በዲሴምበር 20 ቀን 2019 የላይቤሪያውያን ስደተኞች ሕግ ጸደቀ። የጸደቀው ግን ብቻውን ቀርቦ አይደለም፣ በዓመታዊው የመከላከያ በጀት ሕግ ውስጥ ተካቶ ነው። በስደት ጉዳይ የማይስማሙ ሁለት ፓርቲዎች የወታደር ደመወዝ ያለበትን ሕግ መጣል ስለማይፈልጉ፣ ለዓመታት ተቀብሮ የነበረ ረቂቅ በዚያ በር አለፈ። ሕጉ ከኖቬምበር 20 ቀን 2014 ጀምሮ በአሜሪካ በተከታታይ የኖረ ላይቤሪያዊ በቀጥታ ግሪን ካርድ እንዲያመለክት ፈቀደ። የማመልከቻው ጊዜ አንድ ዓመት ብቻ ነበር፤ አልበቃ ብሎ ኮንግረሱ በአንድ ዓመት አራዘመው።

ስለዚህ አንድ ረቂቅ ሲቀርብላችሁ ሦስት ነገር ፈትሹ። የመግቢያ ቀኑ የትኛው ነው? ከዚያ ቀን በኋላ የመጣው ይቀራል። የማመልከቻው ጊዜ ምን ያህል ነው? ሁለት ዓመት ይሁን በሉ። የመጨረሻ የመባረር ትእዛዝ ያለበት ሰው ማመልከት ይችላል? ይህ ካልተጻፈ፣ ሕጉ በጣም የሚያስፈልጋቸውን ሰዎች ደጅ ያስቀራል።

ከዚህ የሚሰፋ መንገድም አለ። «ሬጅስትሪ» የሚባለው አንቀጽ ከአንድ የተወሰነ ቀን በፊት የገባና በአሜሪካ የቆየ ሰው ግሪን ካርድ እንዲያመለክት ይፈቅዳል። ቀኑ ግን ጃንዋሪ 1 ቀን 1972 ነው! ለመጨረሻ ጊዜ የተስተካከለው በ1986 ነው። አዲስ አንቀጽ መጻፍ አያስፈልግም፣ ቀኑን መለወጥ ይበቃል። በኔ እይታ ከሁሉም ቀላል ጥያቄ ይህ ነው፤ ደግሞ ለኢትዮጵያዊ ብቻ ስላልሆነ ብዙ ጎረቤት ይገኝለታል። ቲፒኤስ ያላቸውን ወደ ግሪን ካርድ የሚያሻግር ሌላ ረቂቅ በማርች 2021 በተወካዮች ምክር ቤት 228 ለ197 አልፎ ነበር፤ ሴኔት ውስጥ ግን አብዛኛውን ረቂቅ ለማሳለፍ 60 ድምፅ ስለሚያስፈልግ እዚያው ቀረ። የማይደግፉ ሴናተሮች ባሉበት ክፍለ ግዛት የሚኖር ሰው ስልክ ሴናተሮቹ ቀድሞውኑ ከሚደግፉት ከሲልቨር ስፕሪንግ (ሜሪላንድ) ሰው ስልክ የሚበልጠው ለዚህ ነው።

አጠያየቁ ላይ ብዙ ድካም በከንቱ ይፈስሳል። የኮንግረስ ቢሮ ስልክ ያነሳው ወጣት የመጀመሪያ ጥያቄው ዚፕ ኮድ (የሰፈራችሁ የፖስታ ቁጥር) ነው፤ ከዚያ የምርጫ ወረዳ ካልሆናችሁ መልእክቱ ብዙውን ጊዜ እዚያው ያልቃል። አድራሻ የሌለው አምስት ሺህ ፊርማ፣ አንድ የወረዳው መራጭ ከሚጽፈው ደብዳቤ ያንሳል። ስለዚህ የማኅበሩን አባላት በዚፕ ኮድ ለዩ፤ ከእያንዳንዱ ወረዳ ዜግነት ያላቸውን አራት ወይም አምስት ሰዎች ምረጡ፤ ለስደት ጉዳይ የተመደበውን ሠራተኛ በስም ጠይቃችሁ የ20 ደቂቃ ቀጠሮ ያዙ። ወረቀት የሌለው ሰው ስሙን መስጠት የለበትም፤ የሚናገሩለት ዜጎች ይበቃሉ። የምትሰጡት ጽሑፍ አንድ ገጽ ነው፦ የረቂቁ ቁጥር፣ «ኮስፖንሰር ይሁኑ» (በረቂቁ ላይ ስምዎን በደጋፊነት ያስመዝግቡ) የሚል አንድ ጥያቄ፣ ስለ አገር ቤት ሁኔታ ሁለት የተረጋገጡ እውነቶች። የረቂቅ ቁጥር ኮንግረሱ በየሁለት ዓመቱ ሲለወጥ ይሞታል፤ የአሁኑ በጃንዋሪ 2027 ያበቃል፤ ያለፈውን ቁጥር ይዞ የሚሄድ ቡድን ሳይናገር ተሸንፏል። የአንድን ሰው ኬዝ ከዚህ ጋር አትቀላቅሉ። እሱ በምርጫ ወረዳው ባለው የኮንግረስ ሰው ቢሮ፣ በተፈረመ የፈቃድ ቅጽ የሚታይ ጉዳይ ነው፤ የኮንግረስ ሰውም ዳኛን ማዘዝ አይችልም።

በክፍለ ግዛት ደረጃ የሚጠየቀው ሌላ ነው። ክፍለ ግዛት የፌዴራልን መባረር አያስቆምም፤ የራሱን ፖሊስና እስር ቤት ግን አላስተባብርም ማለት ይችላል። ካሊፎርኒያና ኢሊኖይ በ2017፣ ዋሽንግተን በ2019 እንዲህ ያሉ ሕጎች አውጥተዋል። በትራፊክ ጥፋት የተያዘ ሹፌር ለኢሚግሬሽን ተላልፎ እንዳይሰጥ የሚጠብቀው እንዲህ ያለ ሕግ ነው።

እዚህ ጎጃም ያለን ሰዎች ድርሻ ማስረጃ ነው። ከላይ ያልኳቸው ሁለት እውነቶች ከፌስቡክ ፎቶ አይወሰዱም። ለምሳሌ በጃንዋሪ 29 ቀን 2024 በመራዊ ከተማ ቢያንስ 45 ሲቪሎች መገደላቸውን የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን አረጋግጧል፤ በኦገስት 13 ቀን 2023 ፍኖተ ሰላም ላይ የደረሰው የአየር ጥቃትም በተመሳሳይ ይጠቀሳል። «ጎጃም» ብቻ ብላችሁ አትጻፉ። የአሜሪካ ሪፖርቶች የሚሉት «አማራ ክልል» ስለሆነ ዞኑን፣ ወረዳውንና ክልሉን አብራችሁ አስቀምጡ።

ለአሳይለም (የጥገኝነት ጥያቄ) ኬዝ የሚላክ የምስክር ደብዳቤ የሚወድቀው በአብዛኛው በቀን ነው። ነሐሴ 7 ቀን 2015 ኦገስት 13 ቀን 2023 ነው፤ ጥር 20 ቀን 2016 ጃንዋሪ 29 ቀን 2024 ነው። ሁለቱን አቆጣጠር ጎን ለጎን ጻፉ፤ «እ.ኢ.አ.» የሚለውን አትርሱ። ጳጉሜ 6 በሆነችበት ዓመት ማግስት መስከረም 1 የሚውለው ሴፕቴምበር 12 ስለሆነ፣ ቀኖቹ እስከ የካቲት 21 ድረስ በአንድ ይገፋሉ። ተርጓሚ ይህን ሲስት ዳኛው ታሪኩ የተለዋወጠ ይመስለዋል። አምስት ጎረቤት በአንድ ቃል የጻፈው ደብዳቤም ይጎዳል፤ እያንዳንዱ ራሱ ያየውን ብቻ ይጻፍ፣ የመታወቂያውን ቅጂ ያያይዝ። የአማርኛው ዋናው ይቀመጥ፤ ትርጉሙ ላይ ተርጓሚው ሁለቱን ቋንቋ እንደሚያውቅና ትርጉሙ ትክክል መሆኑን ፈርሞ ያረጋግጥ።

ሌላው የስም ነገር ነው። የቤተ ክርስቲያን የጥምቀት ማስረጃ ላይ የክርስትና ስም ይቀመጣል፤ ፓስፖርቱ ላይ ያለው ዓለማዊው ስም ነው። ፈረንጅ ዳኛ «ወልደ ሚካኤል» እና «ጌታቸው» አንድ ሰው መሆናቸውን ከየት ያውቃል? የደብሩ አስተዳዳሪ ሁለቱም ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸውን በአንድ አረፍተ ነገር ይጻፉበት። ወንድምና እህት በአሜሪካ አንዱ በአባት፣ አንዷ በአያት ስም ተመዝግበው ከሆነም የቤተሰብ ዝርዝር ከቀበሌ ይውጣ፤ ቀበሌው በማይሠራበት አካባቢ የትምህርት ቤት ካርድ ወይም የስምንተኛ ክፍል ሰርተፊኬት ይረዳል።

ልጆቻችሁን ደግሞ ሁለት ነገር ጠይቋቸው። የመጀመሪያው፣ የአሳይለም ማመልከቻ በገቡ በአንድ ዓመት ውስጥ ማስገባታቸውን ነው። ቲፒኤስ የነበረው ሰው ይህን ቀነ ገደብ ቢያሳልፍም ቲፒኤሱ እንደ በቂ ምክንያት ሊቆጠርለት ይችላል፤ ግን ካበቃ በኋላ በአጭር ጊዜ ውስጥ ማመልከት አለበት። ሁለተኛው አድራሻ ነው። ቤት የለወጠ ሰው ኬዙ በኢሚግሬሽን ፍርድ ቤት ካለ በ5 ቀን ውስጥ ለፍርድ ቤቱ ያሳውቃል፤ ለኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ ደግሞ በ10 ቀን ውስጥ በሌላ ቅጽ። አንዱን ሞልቶ ሌላውን የረሳ ሰው የቀጠሮ ደብዳቤው የድሮ ቤቱ ይደርሳል፤ ችሎት ያልቀረበ ሰው ላይ ደግሞ በሌለበት የመባረር ትእዛዝ ይወጣበታል።