ሐዋሳ ውስጥ የመጠጥ ልማድን ሳጠና የተማርኩት

ለሁለተኛ ዲግሪ ማሟያ ያጠናሁት በሐዋሳ መናኸሪያ አካባቢ የሚሠሩ ሰዎችን የመጠጥ ልማድ ሲሆን፣ የተጠቀምኩበትም የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው፣ 10 ጥያቄዎች ያሉት መጠይቅ ነው። መጠይቁ አንድ መጠጥ የሚለው 10 ግራም ንጹሕ አልኮል የያዘውን ነው። እኛ ዘንድ ግን ጠጅ በብርሌ፣ ጠላ በጣሳ፣ አረቄ በመለኪያ ስለሚጠጣ፣ አስቀድሜ ዕቃዎቹን ተውሼ የሚይዙትን በውሃ ለካሁ። 330 ሚሊ ሊትር የሆነ 5 በመቶ ቢራ 13 ግራም ገደማ አልኮል ሲኖረው፣ 50 ሚሊ ሊትር የሚይዝ መለኪያ 45 በመቶ አረቄ ከተቀዳበት ወደ 18 ግራም ይጠጋል። «ሁለት ብቻ ነው የቀመስኩት» የሚለው መልስ ምን ያህል እንደሆነ የሚታወቀው ይህ ሲሰላ ነው።

ከሁሉም ይበልጥ ያስተማረኝ ስድስተኛው ጥያቄ ነው፤ ብዙ ከጠጡ በኋላ ጠዋት ለመንቀሳቀስ መጠጥ ያስፈልግዎታል ወይ ይላል። አንድ በዕድሜ የገፉ ጫኝና አውራጅ፣ «ልጄ፣ እጄ እንዲረጋልኝ ነው እንጂ አምሮኝስ አይደለም» አሉኝ። ይህ መልስ የአንጎልን ኬሚስትሪ በትክክል ይገልጻል ብዬ አምናለሁ። አልኮል ጋባ የተባለውን አረጋጊ ንጥረ ነገር ሥራ ያበረታል፣ ቀስቃሹን ግሉታሜትን ደግሞ ያፍናል፤ ለዓመታት ሲጠጣ አንጎል ሚዛኑን ለመጠበቅ የጋባን ምላሽ እያደከመ የግሉታሜትን ያጠነክራል። መጠጡ በድንገት ሲቀር ቅስቀሳው ያለ ልጓም ይቀራል፤ መንቀጥቀጡና ላቡም ከዚህ የሚመጡ ናቸው። «አምሮኝ አይደለም» ማለታቸውም የሱስ ተመራማሪዎቹ ሮቢንሰንና ቤሪጅ በ1993 (እ.ኤ.አ.) ካቀረቡት ሐሳብ ጋር ይስማማል፤ በእነርሱ አባባል ዶፓሚን የተባለው የአንጎል ንጥረ ነገር የሚያገነው ደስታውን ሳይሆን ፍለጋውን ነው፣ ስለዚህ ሰው የማያስደስተውን ነገር አጥብቆ ሊፈልግ ይችላል።

ይህን ከተረዳሁ በኋላ አጠያየቄ ተለወጠ። ቃለ መጠይቁን ከጓደኞቻቸው ርቀን እናደርግ ጀመር፤ በሲዳምኛ መናገር ለሚቀላቸውም ቋንቋውን የሚያውቅ ባልደረባዬ ይጠይቅ ነበር። ከሁሉ በላይ፣ ለስድስተኛው ጥያቄ «አዎ» ያለን ሰው «ዛሬውኑ ተው» ብሎ መምከር አደገኛ መሆኑን ለመረጃ ሰብሳቢዎቹ ሁሉ አስረዳሁ። መንቀጥቀጡ ካቆሙ ከ6 ሰዓት በኋላ ሊጀምር፣ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት የሚጥል በሽታ ዓይነት መንዘፍዘፍ ሊከተል፣ ከዚያም ለሕይወት የሚያሰጋ መቃዠት ሊመጣ ይችላል። በጤና ተቋም ግን በዚያው በጋባ ላይ የሚሠራው ዲያዜፓም የተባለ መድኃኒት እና ቫይታሚን ቢ1 እየተሰጠ በክትትል ማቆም ይቻላል። ስለዚህ እንዲህ ያለ መልስ የሰጠን ሰው ፈቃዱን ጠይቀን፣ ከቤተሰቡ አንድ ሰው አብሮት እንዲሆን አድርገን፣ በዚያው ዕለት ወደ ጤና ጣቢያ እንሸኘው ነበር።