ፎርድ ፌንደርና ሁለት የጋብቻ ቀለበት

ሐዋሳ ተወልዶ ማደግ ዓሣ አጥማጅ አያደርግም። እኔና ዓሣ የምንገናኘው አሞራ ገደል፣ ዓሣ ገበያው ላይ ነበር፤ እሱ ተጠብሶ፣ እኔ ርቦኝ። ይህን ግን ለጋሼ አልነገርኳቸውም።

ጋሼ እዚህ ሲያትል አብረውኝ ፓርኪንግ የሚሠሩ ሰው ናቸው። አንዲት 12 ጫማ የአሉሚኒየም ጀልባ አለቻቸው። መኪናቸው በአቧራ ተሸፍና እሷን ያጥባሉ። «የሐዋሳ ልጅ አይደለህ? ቅዳሜ ትራውት እንሂድ» አሉኝ። እንዲህ ተብሎ እምቢ ይባላል?

ቅዳሜው ተራ ቅዳሜ አይደለም። በዋሽንግተን ስቴት ብዙ ትንንሽ ሐይቆች ትራውት ለሚባለው ዓሣ አጥማጆች የሚከፈቱት በኤፕሪል አራተኛው ቅዳሜ ነው። በ2024 ኤፕሪል 27 ላይ ዋለ፤ በእኛ የሆሳዕና ዋዜማ። ዓሣውን ከማርቢያው በቦቴ አምጥተው ሐይቁ ውስጥ ይገለብጡታል። እንደኔው በቅርቡ የመጣ፣ አገሩን ያልለመደ ነው ማለት ነው። ይሄ ትንሽ ድፍረት ሰጠኝ።

አጠማመዱ ትሮሊንግ ይባላል። ጀልባዋ ዝግ ብላ ትሄዳለች፣ ማጥመጃው ከኋላ ይጎተታል። በሰዓት 2 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከቅዳሴ የሚመለሱ እናት በእግራቸው ይቀድሙናል።

ጋሼ የሚገዛውን በስልክ አስጻፉኝ። «አንድ ፎርድ ፌንደር። ሁለት ዌዲንግ ሪንግ። ትል።»

«ጋሼ፣ የጋብቻ ቀለበት ነው ያሉኝ?»

«አዎ። ፓራፋንጎና ቀለበት። የማጥመጃ ስም ነው፣ ዝም ብለህ ጻፍ!»

እውነትም ስም ነው። ፎርድ ፌንደር የሚሉት ሽቦ ላይ የተደረደሩ፣ የሚሽከረከሩ የብረት ቅጠሎች ናቸው። ውሃ ውስጥ ሲብለጨለጩ የትንንሽ ዓሣ መንጋ ይመስላሉ። መንጠቆ የለውም። ሥራው ሠርግ መጥራት ብቻ ነው። ጉዱ ያለው ከኋላው በአጭር ክር የሚከተለው ዌዲንግ ሪንግ ላይ ነው። ፈርጥ የተደረደረበት ቀለበት፣ ከፊቱ ትንሽ የምትሽከረከር ቅጠል፣ ከኋላው መንጠቆ። መንጠቆው ላይ ትል ይሰካል። አንዱ 4 ዶላር ገደማ።

እዚህ ላይ ባቆም ኖሮ ይህን አልጽፍም ነበር። ሱቁ ውስጥ ዳውንሪገር የሚባል ነገር አየሁ። እጀታ አለው፣ ክንድ አለው፣ ሽቦው ጫፍ ላይ 4 ኪሎ ተኩል የእርሳስ ኳስ ተንጠልጥሏል። ኳሱ ማጥመጃውን ይዞ እታች ይወርዳል። ሻጩ ሌክ ዋሽንግተን ጥልቀቱ 65 ሜትር እንደሚደርስ ነገረኝ። የምንሄደው ሌላ ሐይቅ መሆኑ ትዝም አላለኝ። ገዛሁት። ዋጋውን አሁን አታንሡብኝ።

ማታ ፎቶውን ለጋሼ ላክሁላቸው። ወዲያው ደወሉ።

«ይሄ ለመርከብ ነው? በኤፕሪል ውሃው ቀዝቃዛ ነው፣ ትራውቱ ያለው ላይ ነው። ሦስት ሜትር ለማውረድ ክሬን ትገዛለህ? ነገ ሳይሆን ዛሬ መልስ!»

ሱቁ ተዘግቶ ነበር። እንዳልረሳው ደረሰኙን ኩሽና ጠረጴዛ ላይ፣ ስኳር ዕቃው ሥር አስቀመጥሁና ሌሊት ወጣሁ።

ጀልባዋ ላይ ጋሼ ውስጡ እርሳስ የሆነ ክር ሰጡኝ። በየ9 ሜትሩ ቀለሙ ይቀየራል፤ ርዝመቱ የሚቆጠረው በቀለም ነው። «ሁለት ከለር ልቀቅ» ሲሉኝ ዞር ዞር ብዬ ቀለም ፈለግሁ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ምንም የለም። ትሉ እንኳ የሰለቸው መሰለኝ። ኋላ የሞተሩን መሪ ሰጡኝና «ቀጥ አትበል፣ እንደ እባብ ተጠማዘዝ። ስትዞር ከውጭ ያለው ክር ይፈጥናል፣ ዓሣ ፍጥነት ሲቀየር ይደነግጥና ይነክሳል» አሉ።

ስልኬ ጮኸ። ባለቤቴ ናት። እጄ ትል ስለነካ በስፒከር አነሳሁት።

«የማንን ፎርድ ነው የገጨኸው?»

«ምን ፎርድ?»

«ፌንደር ገዝተሃል። የእኛ መኪና ቶዮታ ነው።»

«ኧረ እሱ...»

«ሁለቱ የጋብቻ ቀለበትስ? የፎርዷን ባለቤት ልታገባት ነው? ለዚያውም በአራት ዶላር ቀለበት!»

ጋሼ ፊታቸውን ወደ ውሃው አዞሩ። ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። እኔ ደግሞ ከመልስ ሁሉ መርጬ ይህን አልኩ፤ «በዐቢይ ጾም ማን ያጋባኛል?»

«አሃ! ፋሲካን እየጠበቃችሁ ነው!»

በድንጋጤ መሪውን ለቀቅሁት። ጀልባዋ ባለችበት ዞረች፣ የውጭው ክር ፈጠነ፣ ዘንጌ እጥፍ አለ። ጋሼ «ጠቅልል! ጠቅልል!» ይላሉ። እኔ ስልኩን ረስቼው በሙሉ ድምፄ «ቀለበቱን ዋጠችው!» ብዬ ጮኽሁ።

«ማን?» አለ ስልኩ።

ክንድ የማትሞላ ትራውት ናት። አፏ ጥግ ላይ ቀለበቷ ታብረቀርቃለች። ፎቶ አንሥቼ ላክሁላት። በሕጉ በቀን አምስት ዓሣ ይፈቀድልኛል፤ እኔ ግን አንዷን ይዤ ስልኩን ብቻ ነበር የማየው። ባለቤቴ በዐቢይ ጾም ዓሣም አትቀምስም፣ ስለዚህ እስከ ፋሲካ ፍሪዘር ነው። በጥብስ እንኳ ልለምናት አልችልም።

ከብዙ ቆይታ በኋላ መልእክት ገባ።

«እሺ፣ ቀለበቱን አምኛለሁ። ከሥር የተጻፈችው ዳውንሪገር ደግሞ ማን ናት? 300 ዶላር ወጥቶባታል።»