ትንበያዬን ጽፌ ለጠፍኩ

የቤዝቦል ሲዝን ሊጀመር ነውና ዛሬ እዚህ ዲሲ ሥራ ቦታ ሁላችንም ትንበያችንን ቢጫ ወረቀት ላይ ጽፈን ፍሪጁ በር ላይ ለጠፍን። በናሽናል ሊግ ምርጥ ተጫዋች ላይ አላመነታሁም። የሎስ አንጀለስ ዶጀርሱ ኦታኒ! በፈረንጆቹ 2024 እኮ 54 ሆም ረን (ኳሷን ከሜዳው አጥር ማሻገር) መትቶ 59 ቤዝ ሰርቋል (ኳሷ ሳትመታ ሮጦ ቀጣዩ ቤዝ መድረስ)፤ ከሱ በፊት በአንድ ሲዝን በሁለቱም 50 የደረሰ ማንም የለም። በሌላኛው ሊግ፣ በአሜሪካን ሊግ፣ የኒውዮርክ ያንኪሱን ጀጅን ጻፍኩ።

ሻምፒዮኑ ላይ ስደርስ ግን እስክሪብቶዬ ቆመ። ሁሉም ዶጀርስ ብሏል። እኔ ግን የ2019ኙን የኛን የዲሲውን ቡድን ናሽናልስን አልረሳም፤ ከመጀመሪያዎቹ 50 ጨዋታዎች 31ዱን ተሸንፈው፣ አበቃላቸው ሲባል፣ ሂውስተንን በፍጻሜው ሰባተኛ ጨዋታ እዚያው ሜዳው ላይ ረትተው ዋንጫውን አመጡልን።

የፊላደልፊያውን ቡድን፣ ፊሊስ ብዬ ጻፍኩ። ኮከባችን የነበረው ሃርፐር ከኛ ወደ ፊሊስ በሄደ በዓመቱ ነው ዋንጫ የበላነው። ለሱም አንድ ይገባዋል።