የወርቅ ክር ከጀርባ ሲያዝ

ጎንደር ውስጥ ያረጀ የካህን ካባ አገላብጦ ያየ ሰው ያውቀዋል፤ ጥልፉ ቀድሞ የሚሄደው ትከሻው ላይ፣ እጥፋቱ ጋ ነው። የሚያልቀው ወርቁ አይደለም። ወርቁን ከላይ ተሻግሮ የያዘው ቀጭን ክር በመታሸት ብዛት ይበጠስና ወርቁ ይንጠለጠላል፤ አንድ ነገር ከያዘው ደግሞ ተተርትሮ ይወጣል።

የእንግሊዝ ጠላፊዎች ለዚህ ከ700 ዓመት በፊት ይጠቀሙበት የነበረው መላ እጅግ ያስደንቃል። ለንደን በቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ያለው የሳይን ካባ በ1310 እና በ1320 እ.ኤ.አ. መካከል የተሠራ ነው። መደቡ የተልባ እግር ጨርቅ ቢሆንም ከፊት ጨርቁ አይታይም፤ ሁሉም በክር ተሸፍኗል። ይህን ሥራ አውሮፓ «ኦፐስ አንግሊካኑም»፣ የእንግሊዝ ሥራ ይለው ነበር። በ1295 የተጻፈው የቫቲካን የንብረት መዝገብም ከ100 በላይ እንዲህ ያሉ ሥራዎችን ቆጥሯል።

ምስጢሩ ያለው ከጀርባ ነው። የወርቁ ክር፣ ማለትም ሐር ላይ የተጠመጠመ በወርቅ የተለበጠ የብር ጥብጣብ፣ ጨርቁ ላይ ይጋደማል። መርፌው የተልባ ክር ይዞ ከስር ይወጣል፤ ወርቁን ይዞርና በወጣበት በዚያው ቀዳዳ ይመለሳል። ከዚያ ክሩ ከስር ሳብ ይደረጋል። ወርቁ የሰናፍጭ ቅንጣት በምታህል ቀለበት ወደ ጀርባ ይገባል፣ ክሩም አብሮት ይሰወራል። ፊት ላይ የሚታሸት ክር አይቀርም። እያንዳንዷ ቀለበት እንደ ማጠፊያ ስለምታገለግል በወርቅ የተሞላ ካባ እንኳ ሳይደርቅ ትከሻ ላይ ይወድቃል።

መሞከር ለሚፈልግ፦ ሁለት ድርብ አቡጀዲ መወጠሪያ ላይ እንደ ከበሮ ይወጠር። ጨርቁ ከላላ ሲሳብ የሚገባው ወርቁ ሳይሆን ጨርቁ ራሱ ነው። የተልባ ክር ካልተገኘ ጠንካራ የጥጥ ክር በንብ ሰም ይታሽ፤ ሰም ያልነካው ቀዳዳው ውስጥ እየሻከረ ይበጠሳል። መያዣዎቹ ከ2 እስከ 3 ሚሊሜትር ይራራቁ፣ ቀጣዩ ረድፍ ደግሞ እንደ ጡብ ግንብ በመሃል በመሃላቸው ይግባ። በኃይል ከተሳበ ጥብጣቡ ይሰነጠቅና ውስጡ ይታያል። ፖሊስተር ላይ ባይሞከር ይሻላል፤ ሽመናው ጥብቅ ስለሆነ ቀለበቷን አያሳልፍም። ከፋይ ጨርቅ (ቬልቬት) ላይ ለማዋል ሥራው አቡጀዲው ላይ ካለቀ በኋላ ቅርጹ ተቆርጦ ይለጠፍና ዙሪያው ይሰፋ።

እንዲህ ባሉ ካባዎች ላይ የሰዎቹ ምስሎች ፊት የሚጠለፈው በሐር ነው። መርፌው ቀድሞ የተሰፋውን ክር መሃሉን ሰንጥቆ ይወጣል። ስፌቱ ከጉንጭ መሃል ተነሥቶ እንደ ቀንድ አውጣ ቅርፊት እየተጠመዘዘ ይሰፋል፤ ብርሃን ሲያርፍበት ጉንጩ ያበጠ ይመስላል፣ ያለ አንዳች ቀለም።

ወርቁን ከጀርባ የመያዝ ዘዴ ከ14ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ በኋላ እየቀረ ሄደ፤ ከላይ መስፋት ይፈጥናልና። ገበር ያለውን አሮጌ ጥልፍ ለመለየት ገበሩን መፍታት አያስፈልግም። በማጉያ መነጽር ከፊት ወርቁን ተከትሎ ማየት ይበቃል፤ የሚሻገረው ክር ከሌለ፣ በየጥቂት ሚሊሜትሩም ትንሽ ስርጉድ ካለ፣ የተያዘው ከጀርባ ነው።