የጣና ትንሽ ዓሣ ሁሉ ጫጩት አይደለም

ጣና ዳር የጣት ቁመት ያለው ብርማ ዓሣ መረብ ውስጥ ሲገኝ «የነጭ ዓሣ ጫጩት ነው» ይባላል። አንዳንዴ እውነት ነው። ሌላ ጊዜ ግን እጃችሁ ላይ ያለው፣ አድጎ ጨርሶም ከ10 ሴንቲ ሜትር ብዙ የማያልፍ ራሱን የቻለ ዓሣ ነው። ወገኑ ኢንተሮሚየስ ይባላል፤ ቆየት ባሉ ጽሑፎች ባርበስ በሚለው ስም ታገኙታላችሁ። ጣና ውስጥ ሁሚሊስ፣ ፕሌውሮግራማ እና ታናፔላጊየስ አሉ። የመጨረሻው ራሱን የቻለ ዝርያ ተብሎ የተመዘገበው ገና በ2000 እ.ኤ.አ. ነው።

መጀመሪያ የማይሆኑትን አውጡ። የጀርባ ክንፉ በሹል እሾህ የተደረደረ ከሆነ ቆሮሶ ነው። ቅርፊት ከሌለው አምባዛ ነው። ገልብጣችሁ ስታዩት ከታችኛው ከንፈሩ ኋላ ድንጋይ ላይ የሚጣበቅበት ክብ ገበታ ካለው ጋራ የሚባለው ነው። በአፉ ዙሪያ ሁለት ጥንድ ጢም ያለው፣ መንጋጋው ላይ ጥርስ የሌለው ከቀረ፣ ወይ የነጭ ዓሣ ጫጩት ወይ ኢንተሮሚየስ ነው።

እነዚህን ሁለቱን በመልክ ለመለየት አትድከሙ፤ ቅርፊቱን እዩ። ከሞተ ዓሣ፣ ከጀርባ ክንፉ በታች ካለው ጎን በወረንጦ ሦስት ወይም አራት ቅርፊት ንቀሉ። በውሃ አርጥባችሁ በሁለት ስስ መስታወት መካከል አድርጉና 10 እጥፍ በሚያጎላ መነጽር ወደ ብርሃን አቅንታችሁ ተመልከቱ። ከደረቀ ይጠቀለላል፣ መስመሩም አይታይም። ዙሪያውን የከበቡትን የዕድገት ቀለበቶች ተዉአቸው፤ ቀለበቶቹን የሚያቋርጡትን መስመሮች ፈልጉ። ከመሃል እንደ ፀሐይ ጨረር ከተበተኑ ኢንተሮሚየስ ነው፤ ጎን ለጎን ትይዩ ከሄዱ ነጭ ዓሣ ነው። መሃሉ ባዶና ብዥ ያለ ቅርፊት ወድቆ እንደገና የበቀለ ስለሆነ አያስተማምንም። አንድ ብቻ መንቀል የሚያሳስተው ለዚህ ነው።

ሦስቱን ዝርያዎች እርስ በርስ መለየት ግን በቤተ ሙከራ ልኬት ይጠይቃል። ናሙና የምትልኩ ከሆነ ቀለሙ ስለሚጠፋ በቅድሚያ ፎቶ አንሱ። ከክንፉ ቁራጭ ቆርጣችሁ 95 በመቶ አልኮል ውስጥ አስቀምጡ፣ ዓሣው እንዳይበሰብስ የሚያቆየው ኬሚካል፣ ፎርማሊን፣ ዲኤንኤውን ያበላሻልና። ከዚያ ዓሣውን አንድ እጅ የገበያ ፎርማሊን በዘጠኝ እጅ ውሃ በተበረዘበት ዕቃ ውስጥ ክተቱት። ጓንት አድርጉ፣ አየር ባለበት ሥሩ።

ይህ ሁሉ ድካም የሚያስፈልገው ዓሣው ትልቅ ሥራ ስላለው ነው። ታናፔላጊየስ በሐይቁ ገላጣ ውሃ ዳፍኒያንና መሰሎቹን ጥቃቅን ተንሳፋፊ እንስሳት ይበላል፤ ሁሚሊስ ወደ ዳር ቀርቦ የነፍሳት እጭ ይጨምራል። እነሱን ደግሞ ከጣና ነጭ ዓሣዎች መካከል ዓሣ በል የሆኑት ስምንቱ ዝርያዎችና ወፎች ይመገቧቸዋል። ጥቃቅኑ ምግብ ወደ ትልቁ ዓሣ የሚሻገረው በእነሱ ሆድ ነው። መረባቸው የጠበበ ሰዎች እነሱን ሲያሟጥጡ የሚጎዳው የትልቁ ዓሣ ቀለብ ነው።

አንድ ጥንቃቄ ይቀራል። 7 ሴንቲ ሜትር ዓሣ እንቁላል ከያዘ ጫጩት አለመሆኑ ግልጽ ነው፤ ነገር ግን ያበጠ ሆድ ሁሉ እንቁላል አይደለም። ሊጉላ የሚባለው ትል ኮፔፖድ ከሚባለው ጥቃቅን የውሃ እንስሳ ወደ ዓሣው፣ ከዓሣው ወደ ዓሣ በል ወፍ ይዛመታል። ሆዱን ስትከፍቱ በፍሬ ፍሬው እንቁላል ፈንታ ነጭ ጠፍጣፋ ጥብጣብ ከወጣ እሱ ነው። ትሉ የዓሣውን የመራቢያ አካል ስለሚያቀጭጭ እንቁላል መፈለግ ዋጋ የለውም፤ ወደ ቅርፊቱ ተመለሱ።